በካፒቴኑ ቤት የተማርሁት ግስ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ክረምት ሲገባ የሚነሣብሽ የጉልበት ቁርጥማት እንዴት አደረገሽ? አክስቴ ወለተ ሰንበትስ፣ መንደራችን የተቃጠለ ዕለት በጭስ የታፈነው ደረቷ ተሻላት ወይ? በእሷ ቤት መጠጋትሽን ስሰማ፣ ከራስሽ በላይ ጣራ አለ ብዬ አምላኬን አመሰገንሁ። እኔ ከጀርባዬ ቁስል በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም ቅርፊት እየያዘ ነው። የምጽፍልሽ ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ከሙላት ጓደኞች ዘንድ ሆኜ ነው። ሰኔ ገብቶ ሁሉ ነገር ረጥቧል፤ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ እየፈሰሰ ፊደሌን አበላሸብኝ። አባቴ በሕይወት ቢኖር «ይህ የዶሮ ጭረት ነው» ብሎ ይመልሰው ነበር።

በጨው ነጋዴው በአብዱልዋሂድ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። ሰውዬው ጨዋ ነውና ሊነግረኝ አልፈለገም። አጥብቄ ስይዘው አንገቱን ደፍቶ፣ «እናትሽ ‹ልጄ ሙላት ነበር፤ ጠላት ሰቀለው። ወንድሟ በተሰቀለበት ቀን ለሰቃዩ ምሳ ያቀረበች ሴት ግን ከኔ ማኅፀን አልወጣችም› ብለዋል» አለኝ። ይህን ነግሮኝ ፊቱን ወደ አህዮቹ አዞረ።

እውነት ነው እምዬ። ምሳውን አቅርቤያለሁ። ሥጋውን በሳህኑ አድርጌ፣ ወይኑን ቀድቼ፣ ከወንበሩ ኋላ ቆሜያለሁ። የሉማሜ ገበያተኞች ያዩትን ነው የነገሩሽ፤ አልዋሹም። ነገር ግን ያን ቀን ከዚያ ማዕድ ኋላ ባልቆም ኖሮ፣ ዛሬ ይህ ወረቀት የሚነበብላት እናት አትኖረኝም ነበር። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ስሚኝ። ከሰማሽ በኋላም ልጄ አይደለችም ካልሽ ፍርድሽን እቀበላለሁ።

የሚያነቡልሽ አባ ገብረ ኪዳን መሆናቸውን አውቃለሁ። ወረቀት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ በክፉ እጅም ይገባል። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር በስሙ አልጠራውም። አንቺ ግን ወልደሽኛልና ይገባሻል።

መንደራችን የተቃጠለ ዕለት አንቺና ልትጠይቀን መጥታ የነበረችው አክስቴ ወደ ገደሉ ስትወርዱ እኔ ወደ ኋላ የቀረሁት ጎረቤታችንን ወለተ ሐዋርያትን ላነሣ ብዬ ነበር። ያቺ አሮጊት ከሞት ጋር እንደ ቀጠረች ሁሉ ከመደቧ አልነሣም አለች። በጀርባዬ አዝያት ከበሩ ስወጣ ደረሱብኝ። ከጀርባዬ ላይ ሳትወርድ ነው በሳንጃ የወጓት። ሳንጃው በእሷ አልፎ የኔን ትከሻ ነካው፤ ጠባሳው አለ። ከዚያ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በአንድ ገመድ አስረው ደብረ ማርቆስ ወሰዱንና ከምሽጉ ውስጥ ለአስካሪዎች፣ ለጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ እህል እንድንፈጭ አደረጉን። ሲመሽ ከመካከላችን አንዷ እየተጎተተች ትወጣ ነበር። ይህንንም ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ከዚያ ያወጣችኝ የምሽጉ አዛዥ የካፒቴኑ ሚስት ናት። አንድ ጠዋት ገረድ ልትመርጥ መጣች። እኔ በወፍጮው ላይ በተረፈው ዱቄት የሙላትን ስም በጣቴ እየጻፍሁ ነበር። ሌላ ሰው አይቶኝ ቢሆን በጥፊ ይመታኝ ነበር። እሷ ግን ዝቅ ብላ ፊደሉን ተመለከተችው፤ ከዚያ በጣቷ እኔን አመለከተች።

ስሟ ኢኔስ ነው። ረጅም፣ ክስት ያለች፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ ያጠረ ሴት ናት። መጀመሪያ እንደ ባሏ ጣልያን መስላኝ በልቤ ረግሜያታለሁ። እያደር ግን ንግግሯ ከሌሎቹ እንደሚለይ ጆሮዬ ያዘው። አገሯ እስፓኝ ይባላል። እርስ በርሳቸው ተዋግተው ነበር፤ የካፒቴኑ ጦር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ያሸነፈውን ወገን ሲያግዝ ነበር። አባቷንና ወንድሟን እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፈው ረሸኗቸው። እሷን ፀጉሯን ላጭተው አሰሯት። ካፒቴኑ ያያት እስር ቤት ነው። «ወይ እኔን ታገቢያለሽ፣ ወይ ነገ ስምሽ ይጠራል» አላት። እኔ በገመድ ነበር የታሰርሁት፣ እሷ በቀለበት። በጣልያንኛ አልናገርም ብላ ስለማለች ካፒቴኑ ሁለት ዓመት በአገሯ ሲዋጋ በለመደው በእሷው ቋንቋ ያናግራት ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው እስፓኝኛ ብቻ ነበር።

ካፒቴኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው ሲወጣ ከወጥ ቤት ገብታ ከእኔ ጋር ትቀመጥና ታስተምረኝ ጀመር። ቋንቋው ጥቂት ሲገባኝ ለምን እንደምትደክም ጠየቅኋት። «ቋንቋዬን ከእሱ አፍ ብቻ እየሰማሁ ልጠላው ደርሻለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ልስማው» አለችኝ።

መጀመሪያ የዕቃውን ስም፣ ከዚያ ግሱን። ግስ ላይ ስትደርስ ፊቷ ይበራል፤ በማንኪያ ገበታውን እየመታች ታስወርደኛለች። አባቴ ለሙላት «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» ሲለው ከጓዳ ሆኜ የሰማሁት ሁሉ ያን ጊዜ ጠቀመኝ። የእነሱም ግስ እንደ ግእዙ ወገን ወገን አለው። መናገር አብላር ነው፣ መብላት ኮሜር፣ መኖር ቢቢር። የአሁኑን ሲናገሩ ጅራቱን ቆርጠው ሌላ ይቀጥሉበታል፤ ቅጥያውም እንደ ወገኑ ይለያያል። ሊሆን ሲችል ያልሆነውን ነገር ሲናገሩ ግን ግሱን አይቆርጡትም። እንዳለ ያቆሙትና «ኢያ» ይጨምሩበታል፤ ለሦስቱም ወገን አንድ ነው። አብላሪያ፣ እናገር ነበር። ኮሜሪያ፣ እበላ ነበር። ቢቢሪያ፣ እኖር ነበር። አንቺ ለማለት አብላሪያስ፣ እኛ ለማለት አብላሪያሞስ፣ እነሱ ለማለት አብላሪያን።

ግራ ያጋባኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ በእርግጥ የሚሆነውም ነገር እንዲሁ በሙሉው ግስ ላይ ነው የሚቆመው። ኮሜሬ ቢሉ እበላለሁ ነው፣ ኮሜሪያ ቢሉ እበላ ነበር ነው። በመካከላቸው ያለው የጭራ ያህል ነው። «ይህችን ጭራ ካልሰማሻት የሚመጣውንና የማይመጣውን አትለዪም» ትለኝ ነበር። ሁለተኛ፣ «እኔ» ሲሉም «እሷ» ሲሉም «እሱ» ሲሉም ቃሉ አንድ ነው፤ አብላሪያ። «ታዲያ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብላት፣ «ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ይታወቃል» ብላ ሣቀች።

በተራ በተራ እንድንል ታደርገኝ ነበር። እሷ፣ «ጦር ባይመጣ ከባሕር አጠገብ እኖር ነበር፣ ልጆች አስተምር ነበር፣ ዓሣ እበላ ነበር» ትላለች። እኔ፣ «ከእናቴ ጋር እኖር ነበር» እላለሁ። ሌላ በይ ትለኛለች። ሌላ አልመጣልኝም።

ሰውየው ይመታት ነበር። ቀበቶውን ሲፈታ የብረቱ ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ በአንገቷ ላይ ጣቶቹ ታትመው መጣች። እንደ ወትሮዋ ማንኪያውን አንሥታ «ዛሬ የትኛውን እናውርድ?» አለችኝ። እኔም፣ «አባቴ ግስ ሲያስተምር በቀተለ ነው የሚጀምረው፤ ገደለ ማለት ነው። በእናንተ ምን ይባላል?» አልኋት። በሩን ተመለከተች። ከዚያ ቀስ ብላ «ማታር» አለች። «እሱም ሥርዐቱን የጠበቀ ግስ ነው። እንደ አብላር ይሄዳል።» ገበታውን እየመታች ጀመረች፤ ተቀበልኋት። ማታሪያ። ማታሪያስ። ማታሪያ። ማታሪያሞስ። እዚያ ላይ ስንደርስ ሁለታችንንም ሣቅ ያዘን፤ የእሷ ከንፈር እንደገና ደማ።

ሙላትን ያመጡት በግንቦት አጋማሽ ነው። በሉማሜ መንገድ ላይ በጤፍ ጆንያ ጥይት ሲያሳልፍ ያዙት። ከካሚዮኑ ሲጥሉት በመስኮት አየሁ። እጁ በሽቦ ታስሮ ነበር። ወንድሜ መሆኑን ያወቅሁት በአነሣሡ ነው፤ በግራ እጁ ጉልበቱን ይዞ የሚነሣው እሱ ብቻ ነውና። ፊቱማ ፊት አልነበረም። እህቱ መሆኔን በዚያ ግቢ ከኢኔስ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንዳላለቅስ እጄን ነከስሁት።

ለእስረኞች ውሃ የሚያደርሰው ሰው ታምሞ አንድ ጠዋት እኔን ሰደዱኝ። ኢኔስ ናት ያደረገችው። ሙላት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጦ ነበር፤ የእግሩን ጥፍሮች ነቅለውለታል። ውሃውን በአፉ አደረግሁለት። ጠባቂው እንዳይሰማ፣ እንደ ጸሎት እያነበነበ፣ «ስም አልሰጠኋቸውም በያት እናቴን። ስም አልሰጠም በያት» አለኝ። ይህን ቃል እስካደርስልሽ ድረስ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ደረሰሽ።

ኢኔስ በራት ላይ ለመነችለት። ከበሩ ኋላ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ቋንቋውን እንደማውቅ ካፒቴኑ አያውቅም፤ እሱ ዘንድ እኔ ከወንበሩ አልለይም ነበር። «ልጅ ነው፤ ይቅር በለው» ስትለው አኝኮ ውጦ፣ «ስሞቹን ቢሰጠኝ ፔርዶናሪያ» አላት፤ ይቅር እለው ነበር ማለት ነው። ወደ ወጥ ቤት እየሮጠች መጣችና እጄን ያዘች። ከመናገሯ በፊት፣ «ሰምቻለሁ። ፔርዶናሪያ ነው ያለው እንጂ ፔርዶናሬ አላለም» አልኋት። እጄን ለቀቀችው። ያስተማረችኝን አንድም ነገር ልትክደኝ አልቻለችም።

ቅዳሜ በደብረ ማርቆስ ገበያ መሐል ሰቀሉት። ግቢ ያለነውን ሁሉ አሰልፈው አወጡን። ሙላት በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ፤ ከመስቀያው ሥር ሲደርስ ግን ደጋፊዎቹን በክርኑ ገፍቶ ብቻውን ቆመ። አንዱ ባንዳ ሣጥኑን ከእግሩ ሥር ሲመታው ገመዱ ተበጠሰና ወደቀ። ሕዝቡ «እግዚአብሔር ማረው! እግዚአብሔር ማረው!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አንጥፈው ተንበረከኩ። እኔም ልቤ ዘለለ። ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። ከዚያ የስልክ ሽቦ አስመጥቶ እንደገና አሰቀለው። ሽቦው አልተበጠሰም። ብዙ ቆየ እናቴ፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ወደ መሬቱ ለማየት አንገቴን ስደፋ ኢኔስ በክርኗ ጎሰመችኝ። «እይው፤ ብቻውን አይሙት» አለችኝ። ዓይኔን አንሥቼ እስኪያልቅ ድረስ አየሁት። እሱም እስኪጨልምበት አየኝ።

ከዚያ ምሳ። እጁን በሳሙና ታጥቦ ከበረንዳው ተቀመጠ፤ ገበያተኛው በሽቦው አጥር በኩል ያየናል። ሥጋውን አቀረብሁ። ቢላዋው በእጄ ነበር፤ ሁለት ሶላቶዎች ግን ጠመንጃ ይዘው ከበሩ ቆመዋል። ኢኔስ አልበላችም። እሱ እየበላ፣ ያን ሽፍታ ያበላው መንደር ከሉማሜ በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለው መሆኑን ባንዳዎቹ እንዳረጋገጡለት ነገራት። የአክስቴ መንደር ነው። አንቺ ያለሽበት። «ሰኞ ጠዋት ኬማሬ» አለ።

ኬማር ማቃጠል ነው። ጆሮዬን አላመንሁትም። ኬማሪያ ይሆናል ያለው፣ እንደ ሰካራም ፉከራ፣ አቃጥል ነበር ያለ ይሆናል አልሁ በልቤ። ወይን ልጨምር መስዬ ተጠጋሁ። ኢኔስ ልቤን እንዳወቀች ሁሉ፣ «ምን አልህ?» አለችው። ደገመው። «ኬማሬ። በሩን ከውጭ አስዘግቼ፣ ሰው ከነቤቱ።» ጭራዋ አልነበረችም እምዬ። ባለፈው ዓመት ይህንኑ በሌላ መንደር እንዳደረገው፣ ያን ጊዜም እንዲሁ ብሎ እንደነበር ኢኔስ ነግራኛለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግቢው ተዘጋ። ሰኞ ጦር እስኪወጣ ድረስ አገልጋይ እንዳይወጣ ታዘዘ። አጥሩ ሽቦ ነው፤ ሽቦውን አየሁት፣ ጠባቂውን አየሁት፣ ከጠባቂው ወዲያ ያለውን ሜዳ አየሁት። ወደ አንቺ የሚሄድ እግር አልነበረም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ካፒቴኑ እንደ ልማዱ ሊተኛ ገባ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ወዲያው በረዶ መጣ፤ እንደ ዶሮ ዕንቁላል የሚያህል በረዶ ነው፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብሽ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰሚም። ሶላቶዎቹ ከበራፉ ሸሽተው ዘበኛ ቤት ገቡ። እኔ በወጥ ቤት ቅመም እየወቀጥሁ ነበር፤ ዘነዘናው በእጄ ነው። ኢኔስ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ዘነዘናውን አላስቀመጥሁትም። አንድ ቃል ብቻ ጠየቅኋት። «አዩዳሪያስ?» አልኋት። ታግዢኝ ነበር ወይ ማለት ነው። በዚያ አነጋገር ሰውን በትሕትና ለመለመንም እንደሚጠቀሙበት ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ቀድማኝ ሄዳ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተችው። ሁለታችንም ስንገባ ከውስጥ ቆለፈችው።

በረዶው ረጅም ጊዜ ጣለ።

ሲያባራ እጄን ያጠበችልኝ እሷ ናት፤ ከክርኔ ጀምራ፣ ጥፍሬን ሳይቀር፣ እንደ ሕፃን። ቀሚሴን አስወልቃ ከምድጃው ጨመረችውና የራሷን አለበሰችኝ። ውሃው ቀይ ሆነ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሳ ገባች። ስትወጣ የእሷ እጅ እስከ ክርኗ ድረስ እንደ ቅድሙ የኔ እጅ ነበር። እኔን «ሂጂ፣ ሽንኩርት ላጪ» አለችኝና ዘነዘናውን ይዛ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ላጥሁ። ስለዚህ ሰዎቹ ሲመጡ ዓይኔ እያነባ ነበር፤ ማንም አልጠረጠረም።

የመጣው መኮንን «ማነው ይህን ያደረገ?» አላት። አገልጋዮቹን ሁሉ ከፊቷ አሰልፎናል። የእሷን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ኢኔስ ወደ እሱ አላየችም፤ ወደ እኔ አየችና፣ «ሎ ማታሪያ ኦትራ ቤስ» አለች። እሱ «እንደገና እገድለው ነበር» ያለችው መስሎት፣ «በአፏ አመነች» ብሎ ለሌሎቹ ነገራቸው። ቃሉ ግን «እኔ» ሲሉም «እሷ» ሲሉም አንድ መሆኑን ነግሬሻለሁ። አልዋሸችም እናቴ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ለደንቡ ብለው እኛንም ገረፉን። ወንዶቹን አንጠልጥለው፣ እኔን ከካሚዮን ጎማ ጋር አስረው። ምን ሰማሽ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ አሉኝ። ቋንቋቸውን አላውቅም አልሁ። ጅራፉ ሥጋዬን ይዞ ሲነሣ ይሰማኝ ነበር። አላውቅም አልሁ። በመጨረሻ አንዱ አስካሪ «ይህች ደንቆሮ ናት» ብሎ ፈታኝ። ነጭ ሚስት ነጭ ባሏን ገደለች ከተባለ በኋላ ወንጀሉ የእነሱው ቤት ጉድ ሆነ፤ ሊደብቁት ፈለጉ እንጂ ሊበቀሉበት አልቻሉም። ሰኞ ጦሩ አልወጣም። ሰኞ ጠዋት በአክስቴ ቤት ነቅተሽ ላሚቱን ስታልቢ በርሽን ከውጭ የዘጋው ሰው አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ አሁን አወቅሽ።

ኢኔስን አዲስ አበባ ወስደው በፍርድ ሊረሽኗት እንደሆነ ከወጥ ቤቱ ሰማሁ። በካሚዮን ነው የምትሄደው። አገልጋዮቹ ከግቢው የተባረርን ዕለት ወደ አንቺ አልመጣሁም፤ የሚጎዳሽ ይህ ከሆነ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የሄድሁት ወደ ድረስ ነው። የሙላት ጓደኛ፣ ያ ቀይ ረጅሙ፣ በጥምቀት ቤታችን ይመጣ የነበረው። መንገዱን ከደጀን በላይ የሚጠብቁት የእሱ ሰዎች መሆናቸውን ከመያዜ በፊት ሙላት ነግሮኝ ነበር። «ካሚዮኑን አስቁሙት፣ ነጮቹን እንዳሻችሁ አድርጉ፣ ሴቲቱን ግን አውርዱልኝ» ልለው ነበር የሮጥሁት። ጀርባዬ ከልብሴ ጋር ተጣብቆ፣ በየገደሉ እየወደቅሁ ሄድሁ።

ከሰፈራቸው ስደርስ ያገኘሁት አንድ ቁስለኛ ብቻ ነው። «ከጧት ጀምረው ወደ መንገዱ ወርደዋል» አለኝ። እያናገረኝ ሳለ ተኩሱ ተጀመረ። መትረየስ ነበር፣ ከዚያ ቦምብ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት። ቁልቁል ሮጥሁ። ስደርስ አልቆ ነበር። ካሚዮኑ በጎኑ ተጋድሞ ይነድዳል። አንዱ ሶላቶ በግማሽ አካሉ ከሥሩ ሆኖ ገና ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ አርበኛ በጎራዴ ጨረሰው። የሟቾቹን ጫማ እየፈቱ ነው። ድረስ እኔን ሲያይ እጁን ዘርግቶ፣ «የሙላትን ደም መለስንለት! አንድም አላመለጠ፣ ሴት ሳትቀር!» አለኝ።

ከቦዩ ውስጥ ነበረች። እጇ በፊት ለፊት እንደ ታሰረ ነው። በደረቷ ነው የመቷት።

ማልቀሴን አይቶ ድረስ የደስታ ዕንባ መሰለው። ቆይቶ ፊቴን አየና ድምፁ ተለወጠ። «ከካሚዮኑ ዘላ ወጥታ ወደ እኛ ስትሮጥ ነበር» አለኝ። «እጇን አንሥታ ትጮህ ነበር። እኔማ ያንቺን ስም፣ ‹ሥራነሽ፣ ሥራነሽ› የምትል መሰለኝ። ነጭ ሴት ሥራነሽን ከየት ታውቃለች ብዬ ተኮስሁ።»

አልረገምሁትም እናቴ። ምን ብዬ እረግመዋለሁ? ከአጠገቧ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ ለአንቺ ከምጽፈውም አብልጬ ነገርሁት። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ በሳንጃው መቆፈር ጀመረ። ሌሎቹ ሊያግዙት ቢመጡ አባረራቸው። አብሯቸው ያለው ቄስ የእኛ ሃይማኖት አይደለችምና አልፈታትም አለ። ድረስ ድንጋዩን እየተሸከመ መጥቶ በላይዋ ካበው። እጇን የፈታሁላት እኔ ነኝ። ገመዱ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ስንቅ አዘጋጃለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ የተያዘ ወረቀት ሲመጣ የገባኝን እነግራቸዋለሁ። ድረስ ከእኔ ጋር ሲሆን ዓይኑን አያነሣም። በሕልሜ የሚመጣብኝ አልጋ ላይ የቀረው ሰው አይደለም። የሚመጡብኝ ሽቦውና ቦዩ ናቸው።

አንድ ልመና አለኝ። የሙላት አርባ ሲወጣ ከስሙ አጠገብ የአንዲት ሴት ስም ይጠራልኝ። የክርስትና ስሟን አላውቀውም። ኢኔስ ትባላለች በያቸው። እምቢ ቢሉ አንቺ ራስሽ በልብሽ ጥሪልኝ፤ የእናት ልመና ከቄስ ልመና አያንስም።

አባ ገብረ ኪዳንንም እዚህ ላይ ንባባቸውን ያቁሙና አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አንዲት ሴት የእናቷ ቤት ከነሰዉ እንዳይቃጠል ብላ በሰንበት ቀን፣ በተኛ ሰው ላይ አንድ ነገር ብታደርግ፣ ንስሐዋ ምን ይሆን ነበር? ጾሙንም ስግደቱንም ትቀበላለች፣ ስንትም ቢሆን። ተጸጽታለች ወይ ብለው ከጠየቁሽ ግን፣ እሱን ገና አልነገረችኝም በያቸው።

አብዱልዋሂድ በሚቀጥለው ገበያ ይመለሳል። አንድ ቃል ላኪብኝ፤ ክፉም ቢሆን ከአፍሽ የወጣ ይሁን። ጉልበትሽን በቅቤ እሺው፣ ብርድ ላይ አትቀመጪ። አክስቴን በጉንጯ ሳሚልኝ። እመቤታችን በጥላዋ ታኑርሽ፤ ደጅሽ የወዳጅ እግር ብቻ ይርገጠው፤ የልጅሽን አጥንት ጌታ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልሽ። ጉልበትሽን ስሜ፣ ግንባሬን ለምርቃትሽ ዘርግቼ እሰናበትሻለሁ።

ከማኅፀንሽ የወጣሁ፣
ልጅሽ